ይድረስ ለክቡር ነጠላ መስታወት መስኮት

ጉዳዩ፦ ስለ ረጅም አገልግሎትዎ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በእርስዎ ቸርነት ጠዋት እየተንቀጠቀጥን፣ ከሰዓት እየተቀቀልን አለን። በገንዘባችን ያሞቅነውን አየር በክብር ወደ ውጭ ይሸኙልናል። ብርዱን ደግሞ «ቤት ለእንግዳ» ብለው ያስገባሉ።

የዕድሜዎ ምስጢር ሲያስገርመኝ ኖሮ አሁን ገባኝ። እርስዎን የሚመርጠው ቤቱን የሚያሠራው ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ተከራዩ። ለእሱ ርካሽ ነዎት፤ ለእኛ በየወሩ ውድ። ታዲያ ማን ይንካዎ? «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉትን ሰዎች ሰላም ይበሉልኝ። ውለታቸው አለብዎት።

ክፉ ቀን የመጣብዎ ከ1973ቱ (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነው። ካሊፎርኒያ በ1978 ሕንፃዎች ኃይል እንዲቆጥቡ ደንብ አወጣች። እዚያው ያለው የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራም በመንግሥት በጀት ሌላ ዓይነት መስታወት ያጠና ነበር፦ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ተቀብቶ ብርሃኑን የሚያሳልፍ፣ ሙቀቱን የሚመልስ። በሁለት መስታወት መሃል ሙቀት በቀላሉ የማያሳልፈው አርጎን ጋዝ ሲታሸግበትማ የእርስዎ ነገር አበቃለት ተባለ።

ግኝት ብቻውን ግን ከመደርደሪያ አይወርድም። ሕግ ነው ያወረደው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ሕንፃ ሁሉ ኃይል አይፈጅም ለማለት ጥቂት የቀረው እንዲሆን አዘዘ። እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ ባሱ። ከ2018 ጀምሮ የኃይል ደረጃው (ከምርጡ ኤ እስከ መጨረሻው ጂ ባለው መሰላል) ኤፍ ወይም ጂ የሆነን ቤት፣ ከጥቂት በስተቀር፣ ለአዲስ ተከራይ ማከራየት ከለከሉ። ይታይዎ፣ ራስ ምታቱ ወደ አከራዩ ዞረ! ግፍ ነው።

ደግነቱ ተስፋ አለዎት። «ይህን ዕቃ ብቻ ግጠሙ» የሚል ሕግ እንዲወጣ ይጸልዩ። እንዲህ ያለው በወጣ ቀን ሁሉም ያንኑ ገጥሞ ይገላገላል፤ ፈጠራ ይተኛል። የሚያስፈራዎ «በካሬ ሜትር ከዚህ በላይ ኃይል አትፍጁ፣ እንዴት እንደሆነ የራሳችሁ ጉዳይ» የሚለው ነው። ያኔ መሐንዲሱ እንቅልፍ ያጣል።

ሌላው ወዳጅዎ ወረቀት ነው። ብዙ ቦታ ደረጃው የሚሰጠው በስሌት ነው። ሰው ገብቶበት ስንት እንደፈጀ ዞሮ የሚለካ እምብዛም የለም። በወረቀቱ «ኤ»፣ በቆጣሪው ሌላ። እዚያች ክፍተት ውስጥ ይደበቁ፤ ክፍተት እንደሆነ ያውቁበታል።

ከሰላምታ ጋር፣
ቤቱ ውስጥ ካፖርት የሚለብሰው ተከራይ

ግልባጭ፦
ለመጋረጃው
ለብርድ ልብሱ
ለቆጣሪው (እባክዎ ቀስ ይበሉ)