ቀብድ ሳትከፍሉ ጠይቁ

ወገኖቼ፣ ምን ነካን? አንድ ኪሎ ቅቤ ለመግዛት አሽትተን፣ ቀምሰን፣ ሌላ ሱቅ ዞረን ነው። የዓመታት ቁጠባ፣ የባንክ ብድርና የዕቁብ ገንዘብ የሚፈስበትን የኤሌክትሪክ መኪና ግን በአንድ ከሰዓት እንገዛለን።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሁሉ ጀማሪ ሆኗል። ሃያ ዓመት የነዳ ሰውም ለኤሌክትሪኩ ጀማሪ ነው። ይህ ነውር የለበትም። ሳያውቁ ያወቁ መምሰል ነው ነውሩ። ቦሌ መንገድ ካሉት መሸጫዎች አንዱ ጋ ግቡና ገዢውን ታዘቡ። ወንበሩን ይዳብሳል። ትልቁን ስክሪን ይነካካል። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፤ "ይሄ ምን ይላል?" ብሎ ግን አይጠይቅም። ሻጩ "በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር" ሲለው አንገቱን ይነቀንቃል።

በየትኛው መንገድ ነው 500 የሚሄደው? ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የተገኘ ነው። እውነተኛው መንገድ ላይ የምታገኙት ከዚያ ያንሳል። ዳገት ደግሞ አለ። ወደ አዳማ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ለባትሪው ጥቂት ይመልስለታል፤ ስትመለሱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ይህን ብሮሹር ላይ አታገኙትም። መንገዱን የተመላለሰበት ሹፌር በሁለት ደቂቃ ይነግራችኋል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ያለው ቤታችሁ ነው። ማታ የት ነው የምትሰኩት? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ይህን ሳትመልሱ ቀብድ አትክፈሉ። ግቢ ያላችሁም አትዘናጉ። ተንቀሳቃሹ ቻርጀር በ10 አምፔር ሲሠራ የሚስበው ሁለት ኪሎ ዋት ገደማ ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ተነስቶ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። በ32 አምፔር ከሆነ በአንድ ሌሊት ይሞላል፤ ለዚያ ግን የራሱ ብሬከርና ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ባለ 6 ሚሊ። በደካማ ሶኬት ወይም በማከፋፈያ ሌሊቱን ሙሉ መሰካት ሶኬቱን ሊያቀልጠው፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። እንጀራ እየተጋገረ መኪናውም ከተሰካ ብሬከሩ ቢወርድ አይግረማችሁ። ቤቱ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ፣ ከሌለው ደግሞ ብዙዎቹ ቻርጀሮች የብልሽት መብራት አብርተው እምቢ ይላሉ። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ቆጣሪውንና መስመሩን አስፈትሹ። የሚጠይቃችሁ ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ብዙዎቻችን የማንጠይቀው ዓይን ፈርተን እንደሆነ አውቃለሁ። "ሰው ሳይሰማ ይለቅ" እንላለን። ለወንድም እንኳ ሳንናገር ከርመን፣ ሊብሬው በስማችን ሲዞር ነው ወሬው የሚወጣው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እንዲህ ተደብቀን ስንገዛ የሚያማክረን ሰው ደላላው ብቻ ይሆናል። ደላላው ደግሞ የሚበላው መኪናው ሲሸጥ ነው። እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም። እሱን ብቻ አማካሪ ያደረግነው እኛ ነን።

እናንተም ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ ስትጠየቁ "እንዴ፣ ምርጥ መኪና ነው!" ብላችሁ አትለፉ። የተቸገራችሁበትን ተናገሩ። መለዋወጫ ምን ያህል እንዳስጠበቃችሁ፣ ስክሪኑን ከቻይንኛ ማን እንደቀየረላችሁ፣ የፊት መስታወት ቢሰበር ከየት እንደሚመጣ ንገሩ። አፍራችሁ የደበቃችሁት ችግር ነገ የጎረቤታችሁን ጥሪት ይበላል። ጀማሪ ሲጠይቅ የምትስቁም እባካችሁ ተዉ። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ አስለኩ። ዳሽቦርዱ ላይ 100 ከመቶ ማለት ባትሪው ተሞልቷል ማለት ብቻ ነው፤ አላረጀም ማለት አይደለም። የመሰኪያውን ክዳን አስከፍታችሁ እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢቲ መሰኪያ ከአውሮፓው ሲሲኤስ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ በምትመላለሱበት መንገድ ያለው የቻርጅ ጣቢያ የትኛውን እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ስትሞክሩትም ሻጩ በሚመርጥላችሁ ሜዳ ላይ አትስማሙ። ከለገሃር ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ንዱት፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ ቀጥሉ። ስትነሱ ባትሪው ስንት በመቶ እንደነበረና ስትደርሱ ስንት እንደቀረው ጻፉ። የኤሌክትሪክ መኪና አንድ ክረምት የነዳ ሰው አብሯችሁ ይቀመጥ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ቁልፉን መልሱለትና ውጡ፤ ቦሌ መንገድ ላይ ሌላ መሸጫ አይጠፋም።