ይድረስ ለክቡር የሰፈራችን በረዶ ጠራጊ መኪና

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከወገባችን በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የምጽፍልዎ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስለዋሉልኝ ውለታ ነው። ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተውት ይሆናል።

ከዳላስ እንግዶች መጥተውልን ነበር፤ የሚዜዬ ቤተሰብ። ሚኒሶታ ድረስ መጥቶ በረዶ ላይ ሳይንሸራተቱ መመለስማ ነውር ነው ተባለና ፓርኩ ዳገት ላይ ልንወስዳቸው ለልጆቹ ቃል ገባን። ሌሊቱን ሲጥል አደረ። ጎህ ሳይቀድ አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። ከጋራዡ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ዛቅኩት። እንግዶቹ ሻይ ይዘው በመስኮት ያዩኛል። ትንሽ ጉራም ስለያዘኝ ጠርዙን ሁሉ በመስመር አስተካከልኩት። ልጆቹ ቡት፣ ጓንት፣ ኮፍያና ድርብ ሱሪ ለብሰው (ይህ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል) ደጅ ተሰለፉ። የመጨረሻዋን አካፋ ወርውሬ ቀና አልኩና "መኪናው ይውጣ!" አልኩ።

እርስዎ ወጡ።

ቢጫ መብራትዎን እያብለጨለጩ መጡ። ፍጥነት እንኳ አልቀነሱም። የመንገዱን በረዶ ሁሉ እየገፉ መጥተው ልክ እኔ በር ላይ ሲደርሱ ዘረገፉት። ጥምቀት ገና ሳምንት ሲቀረው፣ ጨው በገባበት በረዶ ከራስ ፀጉሬ እስከ ቡቴ ተረጨሁ። ሚዜዬ ይቀርጻል። ቪዲዮው ማታውን አዲስ አበባ ደርሶ አማቴ ደወሉ። "ልጄን ይዘሃት የሄድከው ለዚህ ነው?"

ልጆቹ ደግሞ ጥሩንባ እንዲነፉላቸው እጃቸውን እያውለበለቡ ለመኑዎት። ነፉላቸው። እኔን ከመቅበርዎ በፊት ቢነፉት ምን ነበረበት?

ክምሩ ወገቤ ይደርሳል። ተጠቅጥቆ ስለጠጠረ አካፋ አይበሳውም። እየተንገዳገድኩ ልጀምረው ስል የኔም የሚዜዬም ልጆች ጫፉ ላይ ወጥተው፣ በፕላስቲክ ስሌዳቸው ቁልቁል እየተንሸራተቱ ነው። "አባዬ፣ እንዳትነካው!" ፓርኩ ቀረ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ሲንከባለሉ፣ በሳቅ ሲፈርሱ ዋሉ። እኔ ከቤቴ መኪና ለማውጣት የልጆች ፈቃድ ጠባቂ ሆንኩ። ምስጋናው ሁሉ ለእርስዎ ነው።

ወደ መጣበት እንዳልመልሰው ደግሞ ሕግ አለ። በዚህ ክልል በረዶ ከግቢ ወደ መንገድ መግፋት ክልክል ነው። ከመንገድ ወደ ግቢ መግፋት ግን የመንግሥት ሥራ ነው።

አዋቂዎች መላውን ነግረውኛል። ከፊትዎ ያለው የበረዶ መግፊያ ምላጭዎ ወደ ቀኝ ያጋደለ ስለሆነ የተሸከመው በረዶ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ይራገፋል። ስለዚህ ከመውጫዬ ቀደም ብሎ ያለውን የመንገድ ዳርም ልጥረግ፤ እርስዎ እዚያ ያራግፉታል። የማራገፊያ ቦታዎንም እኔ ላዘጋጅልዎ ነው እንግዲህ።

አምና ስለገጩት የፖስታ ሳጥኔ ዛሬ አላነሳም።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ባለቤቴ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ከሌሊት ሺፍት ገባች። አረጋውያን ስታገላብጥ፣ ስታነሳ፣ ስትደግፍ አድራ። መግቢያ የለም። ዓይኗ እየተከደነ መንገድ ዳር አቁማ ገባች። ከእንቅልፏ ስትነሳ መስታወቱ ላይ ቲኬት። ለካ ቀኑ በረዶ ስለሚጠረግ፣ የቤት ቁጥሩ ጎዶሎ በሆነው የመንገዱ ወገን መቆም የማይቻልበት ነው። ስማ፣ አንተ! ያንን ክምር ማን ከመረው? ደጇን ዘግተህባት፣ ደጅ አቆምሽ ብሎ መቅጣት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ሌሊቱን ቆማ ያገኘችው ገንዘብ እኮ ነው! አንተ ጥሩንባህን ንፋ!

ወደ አንቱታችን እንመለስ። ይግባኙን በኢንተርኔት ሞላን። "መኪናው ለምን ቆመ?" ከሚለው ሥር ያሉት ምርጫዎች ውስጥ እርስዎ የሉበትም። "ሌላ" የሚለውን ነካን። ሌላን የነካ ሰው የት እንደሚደርስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የክልሉ የመንገድ መሥሪያ ቤት ለጠራጊዎቹ ስም በሕዝብ ድምፅ ያስመርጣል። በ2022 ካሸነፉት አንዱ "ቤቲ ዋይትአውት" ነበር፤ የተዋናይቷን የቤቲ ዋይትን ስም ከ"ዋይትአውት"፣ ዓይን ከሚጋርድ የበረዶ ውሽንፍር፣ ጋር ያጋባ ቀልድ ነው። እኛ ቤት ለእርስዎ የወጣልዎት ስም ግን ለምርጫ የሚቀርብ አይደለም።

ልመናዬ አንድ ነው፦ በሬ ላይ ሲደርሱ እባክዎ ምላጩን ትንሽ ቀና ያድርጉት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሚዜዬ፣ ቪዲዮውን እንዲያጠፋ
ለልጆቹ (ክምሩ አንሷል፣ በግራ በኩል ይጨመርበት ብለው የተቃውሞ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው)