መንገድ ላይ ነኝ

የጥበብ ሰው ምስጋናውን ሲነፈግ ማየት ያንገበግበኛል። ስለ ትወና ወሬ በተነሣ ቁጥር ሞስኮ ይጠራል፣ ኒውዮርክ ይጠራል፤ ጅማን የሚያነሣ ግን አንድም ሰው የለም። በዚህች ከተማ በየቀኑ፣ በየቡናው ደጃፍ፣ ያለ መጋረጃና ያለ ትኬት የሚቀርበውን ትወና ያየ ሰው ግን ዝም ሊል አይችልም።

ሜተድ አክቲንግ የሚሉት ስልት ሥሩ ሩሲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትርን ከባልደረባው ጋር ያቋቋመው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ፣ ተዋናይ እጁን እያወናጨፈ መጮሁን ትቶ ራሱን በገጸ ባሕርይው ቦታ ያስቀምጥና «እኔ ብሆን ኖሮስ?» ብሎ ይጠይቅ አለ። አሜሪካኖቹ ትምህርቱን ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። በተለይ ሊ ስትራስበርግ፣ ተዋናይ ያለፈ ሕይወቱን ቆፍሮ እውነተኛውን ሐዘንና ደስታ መድረክ ላይ እንዲያወጣው አጥብቆ ያስተምር ነበር። ይህን ለማድረግ የከፈሉትን ዋጋ ስትሰሙ ታዝኑላቸዋላችሁ። ሮበርት ደ ኒሮ ያረጀ ቦክሰኛ ለመምሰል 27 ኪሎ ገደማ ጨመረ። ዳንኤል ዴይ ሊዊስ የአካል ጉዳተኛ ሆኖ በተወነበት ፊልም፣ ካሜራው ሲጠፋም ከተሽከርካሪ ወንበሩ አልነሣም ብሎ ሠራተኞቹ ከነወንበሩ እየተሸከሙ ያሻግሩት፣ በማንኪያ ያጎርሱትም ነበር። ኦስካር ሰጡት። ይገባዋል፤ ምስኪን፣ ያን ያህል ለፍቶ!

የእኛው ሰው ግን አንድ ስልክ ሲጠራ ብቻ ይበቃዋል።

ለእህቴ ልጅ ምርቃት ስድስት በርጩማ አዝዤ ነበር፤ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማን ባለ ሦስት እግር። ቀብዱን የተቀበለኝ አናጺ «ለማክሰኞ» ያለው ማክሰኞ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። ባለፈው ሳምንት ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ ጀበና ቡና ተቀምጬ ደወልኩለት። ስልኬ ጠራ። ከኋላዬም አንድ ስልክ ጠራ። አጋጣሚ ነው ብዬ ዝም አልኩ። «ሃሎ» የሚለው ድምፅ በአንዱ ጆሮዬ በስልክ፣ በሌላው ጆሮዬ በቀጥታ ሲገባ ግን ቀስ ብዬ ዞርኩ።

አናጺው ነው። ቶናውን ጀምሯል። አላየኝም።

ስኒውን ረከቦቱ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠና ወደ አስፋልቱ ጠጋ አለ። አየር ሳበ፤ ከዚያ እንደሮጠ ሰው ያለከልክ ጀመር። «ጋሼ! እየመጣሁልዎት ነው፣ ከጅሬን እየወረድኩ ነው! በርጩማዎቹን ባጃጅ ላይ ጭኛለሁ፤ አምስት ደቂቃ ቢቆይብዎት ነው።» ከዚያ ፊቱን ከስልኩ መለስ አድርጎ ማንም በሌለበት «ቀስ ብለህ ንዳ እንጂ ወንድሜ፣ ዕቃ ይዘናል እኮ!» ብሎ ጮኸ። የባጃጁን ብረት እንደያዘ ሰው የመብራቱን ምሰሶ ያዘ። እኔን የማረከኝ ቀጣዩ ቅጽበት ነው፤ የሌለው ባጃጅ የሌለ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ሸብረክ፣ ወገቡ ነጠር አለ።

እስቲ አስቡት፤ በስልክ ወገብ አይታይም። እኔን ለመሸንገል ድምፁ ብቻ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ለእኔ ብሎ አይደለም የነጠረው፤ ለጥበቡ ታማኝ ሆኖ ነው። ረዳት ተዋንያኑም የሚናቁ አልነበሩም። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ስኒ እንዳይንኳኳ እጇን አየር ላይ አቆመች። ዳር የቆመው ባለ ባጃጅ ማንም ሳይለምነው ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ይህ ሁሉ ያለ አዘጋጅ ነው፣ ያለ አንድ ቀን ልምምድ።

ስትራስበርግ ዘንድ ለጀማሪ ተማሪ ከሚሰጡት መልመጃዎች አንዱ የሌለ ስኒ ይዞ የሌለ ቡና መጠጣት ነው፤ ሙቀቱና ክብደቱ እጁ ላይ እስኪሰማው ድረስ። ጅማ ላይ ይህ መልመጃ ነውር ነው። እኛ ዘንድ ቡናው የእውነት ነው፤ የሌለው መንገዱ ነው።

አንድ ነገር ግን ግር ብሎኝ ቆየ። በስትራስበርግ መንገድ ከሄድን ተዋናዩ ስሜቱን የሚቀዳው ከእውነተኛ ትዝታው ነው። ይህ አናጺ በሰዓቱ ከቤቱ የወጣበት ቀን ኖሮ አያውቅም፤ ታዲያ የጥድፊያን ትዝታ ከየት አመጣው? መልሱን ያገኘሁት ከአሜሪካዊቷ የትወና መምህርት ከስቴላ አድለር ነው። እሷ እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ላይ ከራሱ ከስታኒስላቭስኪ ለሳምንታት ተምራ ተመለሰችና፣ ትዝታ መቆፈሩ ይቅር፣ ዋናው ምናብ ነው ብላ ከስትራስበርግ ጋር ተጣላች። አናጺዬ የአድለር ደቀ መዝሙር ነው ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ስትራስበርግ እኛ ዘንድ ተከታይ አጥቷል ማለት አይደለም። እሱ ለትወና የሚቀሰቀስ ትዝታ ቢያንስ 7 ዓመት ያለፈው ይሁን ይል ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ደንቡን አክባሪ ሞልቷል፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ያስቀረችው አክስት ብዙውን ጊዜ ካረፈች ከ7 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የወንድሟ ልጅ እንባ ግን ትኩስ ነው።

ወደ አናጺው ልመለስ። ስልኩን ዘጋ፣ ላቡን ጠረገ (የእውነት ላብ ነበር!)፣ ወደ ቶናው ሲዞር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሌላው ተዋናይ ቢሆን እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ይቀላል፣ ይንተባተባል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። እሱ ግን እያለከለከ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ጋሼ! አምስት ደቂቃ አላልኩዎትም? ይኸው ደረስኩ!»

«በርጩማዎቹስ?» አልኩት።

«በሌላ ባጃጅ ከኋላ እየመጡ ነው።»

አጠገቤ አስቀመጥኩት። ልጅቷ በረካውን ቀዳችልን፤ ከዚያ ጎን ለጎን ሆነን ከጅሬን የሚወርደውን መንገድ እናይ ጀመር። ከእኔ ይልቅ የሚቁነጠነጠው እሱ ነበር፤ ባጃጅ ብቅ ባለ ቁጥር አንገቱን አስግጎ ይመለከትና፣ ሲያልፍ ራሱን እየነቀነቀ «ይሄ ሹፌር ምን ሆኖ ነው የቀረው?» ይለኛል።