ገና እያሰቡበት ላሉት ስፖርተኞቻችን

ስፖርት የሚሰራ ሰው ምን ይገርማል? ይሰራል፣ ያልበዋል፣ ይታጠባል፣ አለቀ። ስለሱ በቂ ተብሏል፣ ማንም ባይል ደሞ ራሱ ይነግራችኋል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝና እስካሁን አንድ ሰው እንኳን ብድግ ብሎ ያላጨበጨበለት ግን ያኛው ነው፣ እቤት ውስጥ ቪዲዮ ከፍተው ከሚሰሯቸው ጉድ ከሚባሉት ከባድ ፕሮግራሞች አንዱን መርጦ "ልሞክረው እንዴ? ወይስ ይቅርብኝ?" እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ወራት የሚከርመው። አንዳንዱማ ዓመት አልፎታል። ይሄ ሰው ምስጋና ይገባዋል፣ ሌላው ከሰነፈ እኔ ላመስግነው።

መጀመሪያ እውቀቱን አድንቁልኝ። ከነዚህ ፕሮግራሞች የአንዱን፣ ኢንሳኒቲ የሚለውን ስም ብቻ ጥሩበትና ዝም ብላችሁ ስሙ። "እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ነው የወጣው፣ አሰልጣኙ ሾን ቲ ይባላል፣ 60 ቀን ነው፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ዳምቤል ምናምን አይፈልግም የራስህ ክብደት ይበቃል፣ የመጀመሪያው ወር ቪዲዮ 40 ደቂቃ ገደማ ነው ሁለተኛው ወር ግን ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል፣ መሀል ላይ ማገገሚያ ሳምንት አለው" ይላችኋል አንዴም ትንፋሽ ሳይወስድ (ማን ነው ትንፋሽ የለውም ያለው?)። ከዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሌላው ኢንተርቫል (ሰራ አረፍ የሚሉበት) እኮ ትንሽ ሮጥ ትልና ብዙ ታርፋለህ፣ ይሄ ገልብጦታል፣ 3 ደቂቃ አካባቢ ባለህ አቅም ሁሉ ትሰራና እረፍቱ 30 ሰከንድ ናት" ይላል፣ 30 ሰከንዷን ሲጠራ እሱ ራሱ ያረፈባት ነው የሚመስለው። ፊት ቴስቱንም፣ አቅም የሚለካባትን ፈተና፣ በቃሉ ይዞታል። 8 እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ፣ በመጀመሪያው ቀን ስንት እንደሰራህ ትጽፋለህ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየደገምክ ታወዳድራለህ። ሰንጠረዡን አዘጋጅቷል፣ በማስመሪያ ነው ያሰመረው፣ በሁለት ቀለም። ያልተሞሉት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው።

ይሄን ሁሉ አውቆ ደሞ አይቸኩልም፣ ብስለት ማለት ይሄ ነው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሌላ አማራጭ አለ እኮ፣ ፒ ናይንቲ ኤክስ የሚባለው፣ ቶኒ ሆርተን የሚያሰራው፣ እሱ 90 ቀን ነው፣ ዳምቤልና ለፑል አፕ የሚንጠለጠሉበት ብረት ይፈልጋል። እና የቱ ይሻላል? አንዱ ዝላይ ይበዛዋል፣ አንዱ ክብደት ይበዛዋል። 60 ይሻላል ወይስ 90? መጀመሪያ 60ውን ጨርሶ ወደ 90ው መግባት ነው ወይስ በ90ው ተጠናክሮ ወደ 60ው? ሁለቱን ቀላቅሎ የሚሰራ አለ ሲባልም ሰምቷል፣ ያ ደሞ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። እዚህ ጥያቄ ላይ ያጠፋውን ጊዜ ብታሰሉት 60ውም አልቆ 90ውም አልቆ ለማገገሚያ የሚሆን ቀን ይተርፍ ነበር፣ ግን በቂ ጥናት ሳይደረግበት የተሰራ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ምን ዋጋ አለው ንገሩኝ እስቲ።

ቪዲዮውን አላየውም እንዳትሉ ብቻ። ያየዋል፣ ከዋርም አፑ ጀምሮ እስከ ስትሬቹ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ። ለግምገማ ነው፣ ቆሞ የሚገመግም የት አለ? ኢንሳኒቲ ላይ ደሞ የታወቀ ነገር አለ፣ ከአሰልጣኙ ኋላ ያሉት ልጆች፣ እነዛ ሆዳቸው የጠፍር አልጋ የመሰለው፣ መሀል ላይ አቋርጠው ጉልበታቸውን ይዘው ሲያለከልኩ ካሜራው አይደብቃቸውም። እሱ ይቺን ሲያይ ደስታው ልክ የለውም። "አየህ! እነሱ እንኳን አልቻሉም!" ይልና ትራሱን ያስተካክላል። በሌሎች ብዙ ቪዲዮዎች ላይ ደሞ ጥግ ይዛ ነገሩን ቀለል አድርጋ የምትሰራ አንዲት ልጅ አለች፣ ሌላው ሲዘል እሷ ትረግጣለች፣ ሌላው መሬት ላይ ሲወድቅ እሷ ወንበር ትደገፋለች፣ ለጀማሪ ተብላ ነው የቆመችው። እሷን አያያትም። ማየት የለበትማ! እሷን አንዴ በደንብ ካያት እኮ ነገ ጠዋት መነሳት ሊመጣ ነው።

ስለ ጤናው የሚጠነቀቀውን ሳላነሳ ባልፍ እግዜርም አይወደው። ይሄ ሰው እስከዛሬ ጉልበት የሚባል ነገር እንዳለው ትዝ ብሎት አያውቅም ነበር፣ ፕሮግራሙ ላይ ዝላይ እንዳለ የሰማ ዕለት ግን የሁለቱንም ጉልበት ታሪክ ከልጅነት ጀምሮ አስታወሰ። ቀጥሎ ለጎረቤት ማሰብ ጀመረ፣ "ታች ቤት ያሉት ሰዎች ምን ይላሉ?"፣ ሙዚቃ ከፍቶ ሲያመሽ ያልታሰበላቸው ሰዎች ዛሬ ታሰበላቸው። ራብዶማዮላይሲስ የምትለዋንም ቃል ሳይደናቀፍ ይጠራታል። ነገሩ እውነት ነው፣ ሳይለምዱ ባንዴ ከአቅም በላይ ሲሰሩ ጡንቻ ተሰባብሮ ውስጡ ያለው ወደ ደም ይገባል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ ያ የታየበት ሰው በቀጥታ ሀኪም ጋ ነው መሄድ ያለበት። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ግን አይደለም፣ ዋርም አፕ ላይ ደርሶ ለማያውቅ ሰው ደሞ ጭራሽ ሩቅ ነው። ቢሆንም ከወዲሁ መጠንቀቅ አይከፋም፣ እሱ እስከዛሬ በተሳካ ሁኔታ ተጠንቅቋል።

ሳይንሱ ጋ ስንመጣ አንዴ ክፉኛ ደንግጦ ነበር። ታባታ የሚባለውን ያነበበ ጊዜ። ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቹ በ1996 ባወጡት ጥናት 20 ሰከንድ አቅም እስኪሟጠጥ ሰርቶ 10 ሰከንድ ማረፍ፣ እሱን 7 ወይም 8 ጊዜ መደጋገም፣ ሲደመር ወደ 4 ደቂቃ፣ እና በ6 ሳምንት ውስጥ ደህና ለውጥ አመጣ ተባለ። 4 ደቂቃ! ለ4 ደቂቃ ምን ሰበብ ይገኝለታል? ሁለት ቀን ፊቱ ጠቁሮ ነው የከረመው። ጀግና ግን እጅ አይሰጥም፣ ጠለቅ ብሎ ሲያነብ ጥናቱ የተሰራው እቤት ምንጣፍ ላይ ሳይሆን በማይንቀሳቀስ ብስክሌት መሆኑን፣ የተሰራባቸውም ስፖርት የሚያጠኑ ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናቸውን ደረሰበት። "በብስክሌት ነው እኮ ባክህ!" አለና ተንፈስ አለ፣ ፋይሉም ተዘጋ። በርፒ ላይም እንደዚሁ፣ ቁጭ ብለህ እጅህን መሬት አስደግፈህ እግርህን ወደኋላ ወርውረህ መልሰህ የምትነሳው። ሮያል በርፒ የሚባል አሜሪካዊ በ1930ዎቹ ነው እንቅስቃሴውን ያወጣው፣ የሰውን ብቃት ለመለካት፣ ያኔ ዝላይም ፑሽ አፕም አልነበረውም፣ 4 ጊዜ ብቻ አሰርቶ የልብ ምት ይለካ ነበር። የኛ ሰው ይሄን ባወቀ ጊዜ እንዴት እንደተቆጣ! "እና እኛን በምን ሂሳብ ነው 50 የሚያሰሩን?" አለ። እኛን። ልብ በሉ፣ አራቷንም አልሰራትም፣ ግን "እኛን" አለ፣ ከሰሪዎቹ ጋር አብሮ መቆርቆር ይሉሃል።

ዕቃ አይፈልግም ለተባለው ፕሮግራም ዕቃ አሟልቷል፣ ምንጣፍ፣ ጫማ፣ ፎጣ፣ የውሀ ጠርሙስ፣ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት። ሰዓቱ ላይ ከፍተኛውን የልብ ምት አስልቶ አስገብቷል፣ በተለመደው ግምት 220 ሲቀነስ ዕድሜ። በየዓመቱ ልደቱ ሲደርስ አንድ እየቀነሰ ያስተካክለዋል፣ በዚህ አያያዙ ትንሽ ከታገሰ ፕሮግራሙ ራሱ እየቀለለለት ይሄዳል ማለት ነው። ቢፎር የሚባለውንም፣ ከመጀመር በፊት የሚነሱትን ፎቶ ተነስቷል (አፍተር የሚባለው ሲጨርሱ የሚነሱት ነው)፣ ሆዱን ሳይስብ፣ በሀቀኝነት፣ ከፊት ከጎን ከኋላ። በየዓመቱ አዲስ ይነሳል፣ የድሮው ቢፎር ከአሁኑ ሲታይ አፍተር መምሰል ስለጀመረ።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ ልግባ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የማይገባው። ለምን ከሁሉ ፕሮግራም ከባዱን መረጠ? ለምን በእግሩ ወክ አላደረገም? ለምን ደረጃ አልወጣም? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ ይበቃል፣ ሁለት ቀን ደሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ጨምሩበት ነው የሚለው፣ ፈጠን ብሎ መራመድ መካከለኛው ውስጥ ይገባል። በ2020 ባወጣው መመሪያ ደሞ የባሰውን አመጣ፣ ድሮ ቢያንስ 10 ደቂቃ በተከታታይ ካልሆነ አይቆጠርም የምትለዋን ነገር አነሳትና ትንሹም ይቆጠራል አለ። በሰው ሰላም ምን አገባው? አንድ ሰው "ሀያ ደቂቃ ልራመድ ወይስ አልራመድ እያሰብኩበት ነው፣ ሪቪው እያየሁ ነው" ቢል ይሳቅበታል። ለመራመድ የሚጠና ነገር የለውም፣ ጫማ አድርጎ መውጣት ነው፣ ካልወጣ ደሞ ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። "ኢንሳኒቲን ልጀምር እያሰብኩበት ነው" ሲል ግን ሰው ቅንድቡን ያነሳል፣ "ኧረ እሱ ከባድ ነው፣ በደንብ አስብበት" ይለዋል። ትንሽ ነገር እምቢ ማለት ስንፍና ይባላል፣ ትልቅ ነገር ፊት ቆሞ ማመንታት ግን አስተዋይነት። ስለዚህ ከባዱን መርጦ አይሰራውም። ቀላሉን አለመስራት ማንም ይችላል፣ ከባዱን አለመስራት ነው ክብር ያለው፣ ከሁሉም ከባዱን ሲሆን ደሞ የማይሰራውም በዛው ልክ ይበዛለታልና ኪሳራ የለበትም።

ከሱ ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አሉ አንዳንዴ፣ እህት ወይም ሚስት፣ ዝም ብለው የሆነች የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ከፍተው ባዶ እግራቸውን ወዲያ ወዲህ ብለው የሚዘጉ። የፕሮግራሙን ስም ብትጠይቋቸው አያውቁትም። የልብ ምታቸውን አያውቁም፣ ስኳታቸውም ቢሆን ትንሽ ጎበጥ ይላል። "እሱ ምኑም አይጠቅምም፣ ኢንቴንሲቲ የለውም" ይላቸዋል ከሶፋው ላይ፣ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ እያሳለፋቸው፣ እነሱም ምስኪኖች "እሺ" ይሉና በነጋታው ይደግሙታል። እንዲህ ያለ እውቀት አጠገባቸው ተጋድሞ አለመጠቀማቸው ያሳዝናል፣ ሌላ ምን ይባላል።

ከነዚህ አሳቢዎች መሀል ታዲያ አንዳንዱ በሆነ ክፉ ቀን ተሳስቶ ይጀምራል። ወይ ሰው አናዶት ነው፣ ወይ ሱሪ እምቢ ብሎት። ፊት ቴስቱን ይሰራል፣ ሰንጠረዡ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ይሞላል። በነጋታው ትንሽ ያመዋል፣ ከዛ ወዲያ ባለው ቀን ጭራሽ ይብስበታል፣ ያልለመደ ጡንቻ ሕመሙ የሚበረታው ባንድ ቀንና በሦስት ቀን መሀል ስለሆነ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ እሱም ይሄን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ አጥንቶታላ። እያወቀ ግን ደረጃውን ወደኋላ ዞሮ ሲወርድ፣ ወንበር ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ ሲቀመጥ አንድ ነገር ይገለጥለታል። "ሰውነቴ እረፍት ጠየቀኝ" ይላል። ሰውነቱ ምን እንደሚል መስማት የጀመረው ያን ቀን ነው፣ ከዛ በኋላ ሌላ የማንንም አልሰማም።

ከዛን ቀን ጀምሮ ማዕረጉ ሌላ ነው። ከእንግዲህ "እያሰብኩበት ነው" አይልም፣ "ሞክሬዋለሁ" ነው የሚለው፣ ስንት ቀን ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ እስካሁን አልገጠመውም። ሌሎች አሳቢዎች ከያሉበት እየመጡ ያማክሩታል፣ እሱም ራቅ ወዳለ ቦታ እያየ፣ ብዙ ያየ ሰው አይን፣ "አይ... እሱ ፕሮግራም..." ይልና ራሱን ይነቀንቃል፣ ጉልበቱን ዳበስ ያደርጋል። ልትጀምሩ ካሰባችሁ እሱን ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ። ካማከራችሁትማ አትጀምሩም።