ማስተካከያ፦ አዲስ ልስን በ1 ሳምንት አይቀባም
ስለ ቤት ቀለም ባወጣነው ምክር «አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከ1 ሳምንት በኋላ መቀባት ይቻላል» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠበቅ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ላዩ ነጣ ማለቱ አያታልላችሁ። ውስጥ የቀረው እርጥበት የሲሚንቶውን ጨው ይዞ ሲወጣ ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል፤ ቀለሙም ያብጥና ይላጣል።

ለማረጋገጥ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ አራቱንም ጠርዝ በማጣበቂያ ፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው። በማግስቱ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጤዛ ካዘለ ወይም ሥሩ ያለው ልስን ከዙሪያው ጠቆር ካለ፣ ገና ነው።

የውሃው መጠንም ይታረም። ለ4 ሊትር የፕላስቲክ ቀለም 2 ሊትር ውሃ ማለታችን በዝቷል፤ ለመጀመሪያው እጅ ግማሽ ሊትር ገደማ፣ ለሁለተኛው ከዚያም ያነሰ ይበቃል (ቆርቆሮው ላይ የተጻፈ ካለ እሱ ይቀድማል)። ውሃ የበዛበት ቀለም ከደረቀም በኋላ ልብስ ሲነካው እንደ ኖራ ይለቃል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አትቀቡ ያልነው ግን እንዳለ ነው።