ካርታው በአባታችን ስም ነው

ወሎ ገብቶ የሚወጣ ዲያስፖራ ሁለት ነገር ሳያማርር አይመለስም፤ መንገዱንና ማዘጋጃ ቤቱን። መንገዱን ለሌላ ቀን ልተወው። ማዘጋጃ ቤቱን በተመለከተ ግን እኛ አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ቡና ላይ የምናወራው ግማሹ ጉራ ስለሆነ ትንሽ ልናገር።

"እዚያማ የግንባታ ፈቃድ በአንድ ቀን ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ጠቅ ጠቅ አድርገህ ታወጣለህ" የሚል ሰው ወይ ቤት የለውም፣ ወይ ቤቱን ነካክቶት አያውቅም። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ማመልከቻው እርግጥ በኢንተርኔት ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ፕላኑን የሚመረምር ሰው አለ፤ እርማት ጽፎ ይመልሰዋል፤ አርመህ ስትልክ ሌላ እርማት ይመጣል። እሱን ጨረስኩ ስትል ደግሞ የሰፈሩ ቤት ባለቤቶች ማኅበር አለ። መዋጮ እየበላ የአጥርህን ቁመት፣ የበርህን ቀለም ሳይቀር የሚወስን ማኅበር ነው። አንዳንዴ ቀበሌ ያስናፍቃል። ክፍያውንም ብነግራችሁ "ይቅርብኝ፣ ቤቱ እንዳለ ይሁን" ትላላችሁ። ብዙ ያገሬ ልጆች እንደዚያ ብለው ቤዝመንታቸውን፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለውን የቤቱን ወለል፣ ያለ ፈቃድ ይጨርሱና ቤቱን ሊሸጡ ሲሉ ጉዱ ይወጣል።

ስለዚህ ልዩነቱ ፍጥነት አይደለም። ልዩነቱን ያየሁት ቤዝመንቴን መኝታ ክፍል ላደርግ ስነሳ ነው።

እዚያ ሕጉ ሰው ቤዝመንት ውስጥ የሚተኛ ከሆነ ሰው የሚያሾልክ መስኮት ይኑር ይላል። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከ12 ሳንቲም ገደማ መብለጥ የለበትም። ሲከፈት ደግሞ ግማሽ ካሬ ሜትር አለፍ ያለ ክፍተት መስጠት አለበት። እሳት ቢነሳ የተኛው እንዲወጣ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውም አየር የሞላበትን ጋኑን እንዳዘለ እንዲገባ ነው። መስኮቱ አለፈ። ቀጥሎ ግድግዳው መጣ። ሽቦውና ቧንቧው በኢንስፔክተር ሳይታይ ጂብሰም መለጠፍ ክልክል ነው። የመጣው ኢንስፔክተር ጸጉሩ የነጣ ሰውዬ ነበር። ሰላም ብሎኝ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ባትሪ አብርቶ በእንጨቶቹ መሃል አንገቱን አስገባና ሽቦውን ከሶኬት ሶኬት ተከተለው። አንድ ቦታ ሽቦው ወደ እንጨቱ ጠርዝ በጣም ተጠግቶ አልፏል። "ነገ ፎቶ ልስቀል ብለህ ሚስማር ብትመታ ሽቦው ላይ ነው የሚያርፈው፤ እዚህች ላይ ብረት ይመታበት" አለና "አላለፈም" ብሎ ጽፎ ሄደ። ለአንዲት መዳፍ ለማታህል ብረት ሥራው ቆመ።

ተናድጃለሁ፣ አልዋሽም። በኋላ ግን ነገሩ ገረመኝ። ሰውዬው ቤቱ የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እሱ በካውንቲው፣ ማለትም በአካባቢው አስተዳደር፣ መዝገብ ላይ ስላለ እኔን የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሥራ ሰው ይገድላል ወይስ አይገድልም?

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ። ከተማዋን ስሟን አልጠራም፤ ዘመድ ይበዛብኛል። ቤታችን አባታችን የሠራው የጭቃ ቤት ነው። የኋላው ግድግዳ በጓዳ በኩል አብጧል፤ ከጀርባው አፈሩን የያዘው የድንጋይ ግንብም ሆዱን ነፍቷል። ያበጠውን አፍርሰን በብሎኬት እንተካ፣ ግንቡንም እንደገና እንሥራ ተባባልን። ታላቅ ወንድሜ ፈቃድ ሊጠይቅ ሄደ። የመጀመሪያው ጥያቄ "ካርታው በማን ስም ነው?" የሚል ነበር።

በአባታችን ስም ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ ስለ ግድግዳው የጠየቀ ሰው የለም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ የእናታችን የጋብቻ ማስረጃ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የወራሾች ሁሉ ስምምነት በፊርማ። እኔ ውክልናዬን ከኤምባሲ ልላክ፤ እሱም አዲስ አበባ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። ጅዳ ያለችው እህታችን ደግሞ አሠሪዋን አስፈቅዳ ቆንስላ ትሂድ። አረብ አገር ሰው የሌለው የወሎ ቤተሰብ ካለ ይህን ጭንቀት አያውቀው ይሆናል። የእርሷ ፈቃድ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ወይዘሮዋ ዛሬ እሺ ብላ ነገ እንግዳ አለብኝ ትላለች። በዚህ መሃል መሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት የማይነሱት ጉዳይ አስፈጻሚዎች ወንድሜን በስሙ መጥራት ጀምረዋል።

ይህንን ሁሉ "ቢሮክራሲ" ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ነገሩ ግን ሥር አለው። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ሕገ መንግሥቱም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ፤ በ2004 ደግሞ የሊዝ አዋጁ እንደ አዲስ ወጣ። እኛ ያለን ቤቱ ነው፤ መሬቱ ላይ ያለን ይዞታ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ነካሁ ስትል የሹሙ የመጀመሪያ ሐሳብ ግድግዳው አይደለም፤ በጥገና ስም ድንበር እየተገፋ እንዳይሆን ነው። ስጋቱ ደግሞ ከሜዳ አልመጣም። አጥር ሲያድስ አንድ ክንድ መንገድ ውስጥ የገባ ሰው በየሰፈራችን አለ፤ ሌሊት ተተክሎ ጠዋት ጭስ የሚወጣበት የጨረቃ ቤትም አለ። የወራሽ ጠብማ አይነሳ። ያልተከፋፈለ ውርስ ላይ ቀድሞ የገነባ ቤቱን የራሱ ያደርገዋል። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ወንድሜን "ነገ እህትዎ መጥታ 'ያለ እኔ ፊርማ እንዴት ፈቀዳችሁ' ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?" ብላዋለች። እዚህ ላይ እኔ ከጸሐፊዋ ጋር ነኝ።

ከእርሷ ጋር የማልሆነው ግንቡ ላይ ነው። ወሎ ተዳፋት ነው። ደሴን ውሰዱ፤ ጦሳ ሥር ዳገት እየተቆረጠ የተሠራ ሰፈር ሞልቷል፤ የላይኛው ግቢ ከታችኛው ጣሪያ ትይዩ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይንሸራተታል። እንዲህ ባለ አገር ሰው የሚገድለው የተገፋ ድንበር ሳይሆን ውሃ መውጫ የሌለው ግንብ ነው። ሕጉም አልጎደለም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ እንደ እኛ ያለውን ተራ መኖሪያ ቤት ምድብ "ሀ" ውስጥ አስቀምጦ፣ ለሕንፃ ሹሙ ግንባታን የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቶታል። ያ ሥልጣን ግን እኛ ጓዳ ድረስ አልመጣም።

የመጣው ግንበኛው ነው። አዛውንት ናቸው። ድንጋዩን በመዶሻ ጀርባ መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን ሰጡት። "ድንጋዩ ምንም አልሆነም፤ ውሃው ነው የገፋው። መተንፈሻ አልተውለትም" አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ከታች ያሉት ጎረቤታችን፣ እማማ የምንላቸው፣ መጡ። ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። "አንተ ልጅ" አሉት፣ "ይሄ ግንባችሁ የወደቀ ቀን የሚተኛው እኔ ጓዳ ላይ ነው። የአባትህን አደራ አትብላ።" ቨርጂኒያ ቢሆን ጎረቤቴ ስሙን ሳይናገር ካውንቲ ደውሎ ይከሰኝ ነበር፤ በማግስቱ እንደተለመደው በፈገግታ እጁን ያውለበልብልኛል። እንደ እሳቸው ፊት ለፊት መጥቶ መናገሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን የእኔ ጎረቤት ስልክ መዝገብ ይከፍታል፤ ኢንስፔክተርም ያስመጣል። የእማማ አቤቱታ በር ላይ ተነግሮ በር ላይ ቀረ። የእኛ ፋይል አሁን ወፍራም ነው። የሟች ማስረጃ አለው፣ የጋብቻ አለው፣ የውክልና ቅጂ አለው፤ ስለ እማማ ጓዳ የሚናገር አንድ ቅጠል ወረቀት የለውም።

በነገራችን ላይ፣ በ2014ቱ ጦርነት መሥሪያ ቤቶች ከተዘረፉ ወዲህ እኛ አካባቢ ካርታውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያልያዘ ሰው አላየሁም። ወረቀት እንዲህ የሚከበረው ያለ ነገር አይደለም።

የመሥሪያ ቤቱን ወጣት መሐንዲስ አግኝቼው ሻይ ጠጣን። ግንቡን መጥተህ እየው እንጂ አልኩት።

"ጋሼ፣ እኔ መሄድ ጠልቼ መሰለዎት?" አለኝ። "ሞተር የለም፣ መኪናው ከቆመ ሰነበተ። የተማርኩት ግንባታ ነው፤ የምውለው የወራሽ ፊርማ ሳመሳክር ነው።"

ምን እላለሁ። ትንሽ አሰበና "አብሽሩ፣ ፎቶውን በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ ማታ ቤቴ ሆኜ አየዋለሁ" አለ። ወንድሜ ግንቡን ከላይም ከታችም፣ በእማማ ግቢ በኩልም ሳይቀር አንስቶ ላከለት። በዚያው ማታ ፎቶው ላይ በቀይ እየከበበ መለሰው፤ የውሃ መውጫ ቧንቧ የሚገባበትን፣ ከጀርባው ጠጠር የሚሞላበትን፣ መሠረቱ ጠለቅ የሚልበትን ሁሉ ምልክት አድርጎ። ግንበኛው ስልኩን ራቅ አድርገው አዩትና "ልጁ ያውቃል፤ እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት" አሉ።

ይህ ሁሉ የተደረገው ከፋይሉ ውጭ ነው። ፋይሉ የጅዳዋን ውክልና እየጠበቀ ነው፤ ወይዘሮዋ ከረመዳን በኋላ ብላታለች።