ክብር ለባለካርቦኑ

ታላቁ ሩጫ በተቃረበ ቁጥር ማኅበራዊ ሚዲያው በጫማ ሳጥን ይሞላል። ዘንድሮም ሞልቶልናል። ከማኪያቶው አጠገብ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ላይ ሶሉ እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ፣ በውስጡም ጠንካራ የካርቦን ዝርግ (ፕሌት) የተቀበረበት የሩጫ ጫማ፣ ከሥሩ ደግሞ «ዝግጅት ተጀመረ» የሚል ጽሑፍ። ልክ ነው፤ ዝግጅቱ እዚያው ተጀምሮ እዚያው ተጠናቋል።

ምስጋና አንንፈግ። እነዚያ የዋሆች አትሌቶች ለማራቶን ብለው ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው የሱሉልታን ብርድ ይጠጣሉ፤ በሳምንት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። አበበ ቢቂላማ ጭራሽ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2፡15፡16 ገባ። ሳጥን የሚከፈትበት ዘመን አልደረሰለትማ!

ባለካርቦኑ ወገናችን ግን ሳይንስ ይዟል። «4 በመቶ ያፈጥናል» ይላችኋል። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት 4 በመቶ ያለው ስለሚቆጠበው ጉልበት እንጂ ስለ ሰዓት አይደለም። የተለኩትም 10 ኪሎ ሜትርን ከ32 ደቂቃ በታች የሚጨርሱ 18 ሯጮች ናቸው፤ ያውም በሰዓት ከ14 እስከ 18 ኪሎ ሜትር እየሮጡ። በሌላ ጥናት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ላይ ሲለካ ቁጠባው አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። የሚምልበት ካርቦን ራሱ ጉድ አለበት፦ ተመራማሪዎች ፕሌቱን ቆራርጠው ቢለኩ ለውጡ ኢምንት ሆነ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፎሙ፣ ማለትም የሶሉ ስፖንጅ ነው፤ ሲረገጥ ከተጫነበት ጉልበት 87 በመቶ ገደማ ይመልሳል። ያልሰጡትን ግን ከየት አምጥቶ ይመልስ?

የውድድሩን ቀን እንየውማ። ባለካርቦናችን ማታውኑ ጫማውን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኗል፤ 190 ግራም። እግር ላይ የሚጨመር 100 ግራም የጉልበት ወጪን አንድ በመቶ ገደማ እንደሚያንር አንብቧልና የማሰሪያውን ጫፍ በመቀስ ቆርጧል፤ ካልሲውንም ከስስ ስስ መርጧል። ጠዋት ታዲያ ስልኩን፣ ፓወር ባንኩን፣ የመኪና ቁልፉን ከነጠርሙስ መክፈቻው ኪሱ ይከትታል። «ካርቦ መጫን» (ከውድድር በፊት ኃይል ሰጪ ምግብ፣ እንደ ዳቦና ፓስታ ያለውን፣ መብላት) ብሎ ማታ ያወረደው ክትፎም አብሮት ነው። ከመስቀል አደባባይ የመጀመሪያዎቹን 300 ሜትሮች በኬንያዊው የማራቶን ጀግና በኪፕቾጌ ፍጥነት ይተኩሳል፤ ጓደኛው ቪዲዮ የሚቀርጸው እስከዚያ ነዋ። ከዚያ ዳገት መጣ፤ እጅ ወገብ ላይ ወጣ። ሙዚቃ ያለበት ጋ ሲደርስ በ40 ሚሊሜትር ሶል ላይ እስክስታ ወረደ፤ የፎሙ ጉልበት መመለስ በውል የተፈተነው እዚህ ነው። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባቱ ተያዘ። ለምን አይያዝ? ጫማውን «እንዳያረጅ» ብሎ አንድም ቀን ሮጦበት አያውቅም። ከውድድሩ በፊት ሁለት ሦስት ፈጣን ልምምድና አንድ ረጅም ሩጫ ቢሠራበት፣ ቀላሉን ሩጫ በተራ ጫማ ቢሮጥ፣ ባቱና ቋንጃው ይለምዱት ነበር። ግን ይሄ የሯጮች ወሬ ነው። እያነከሰ አቋራጭ ብሎ ኮብልስቶን ውስጥ ገባ፤ ከፍ ያለ ለስላሳ ሶል ባልተስተካከለ ድንጋይ ላይ ወደ ጎን ይጠመዘዛልና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ማታ ፌስቡክ ላይ፦ «1፡52፤ የግል ምርጥ ሰዓት!»

በማግስቱ ጥርጣሬ ገባው። «ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?» ጫፍና ተረከዙን ይዞ ቢያጥፈው ይገባው ነበር፤ ፕሌት ያለው ጫማ እንቢ ይላል፣ የሌለው እንደ ነጠላ ጫማ ይታጠፋል። እሱ ግን መፍትሔውን አግኝቷል፦ በሚቀጥለው ዓመት የ500 ዶላሩን፣ 138 ግራም የሚመዝነውን ይገዛል። አምራቹ ራሱ ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ማላመጃ ነው ብሎ ያወጣውን።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በዚያው ጫማ 2፡11፡53 ገብታ የሴቶችን ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ስታሻሽል፣ ይኸው ሰውዬ «ጫማው ነው እንጂ» አለ። አፍ ሲገኝ! ጫማው ሰዓት ይቀንሳል፤ ማን ካደ? ከኋላዋ የቀሩትስ በባዶ እግራቸው ነበር እንዴ? ምርጥ ኬንያውያን ሯጮች ሲለኩ እንዲህ ያለው ጫማ አንዱን እስከ 11 በመቶ ጠቅሞ ሌላውን እስከ 11 በመቶ ጎድቷል። እሷ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ3፡08 ገደማ እየሮጠች 42 ጊዜ ደጋገመችው። አንተ አንዱን ሮጠህ አሳየን። አንዱን ብቻ! ያለቀ ሶል በማስቲሽ አጣብቀው ኮሮኮንች ላይ የሚሮጡ ልጆች ባሉበት አገር፣ የሰው ላብ ለሳጥን ሲሰጥ መስማት ያንገፈግፋል።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ባለካርቦናችንን ሕግ አይነካውም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የጎዳና ውድድር ሶል ከ40 ሚሊሜትር መብለጥ፣ ከአንድ በላይ ፕሌት መያዝ አይችልም። በ2021 ቪየና ላይ ማራቶኑን አንደኛ የገባ አትሌታችን ካስመዘገበው ጫማ ሌላ አድርጎ፣ ሶሉ 5 ሴንቲሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል። የባለካርቦናችን ሶል ግን አንድ ክንድ ቢሆንም ይግባኝ የሚል አይገኝም። ከኋላው ማን አለና?